ያላጸደቅኩት ፕላን

ኅዳር 27፣ ሰኞ፣ ከሥራ መልስ

ዛሬም ያው። ትንሹ የጨረር መለኪያ አልመጣም። ጉምሩክ ነው ይላሉ። ከአዲሱ የጨረር ሕክምና ማሽን ሥር ያለውን የመለኪያ ገንዳ ውኃ ሞላሁ፣ ያለንን ትልቁን መለኪያ አስገብቼ ለካሁ። እንደገና ለካሁ። ያው ዝቅ ያለ ቁጥር።

ላንቺው ልንገርሽ ማስታወሻዬ፣ ሌላ የሚሰማኝ የለም። ጨረሯ ባቄላ ብታክል ነው። መለኪያው ከእሷ ይሰፋል። ዳር ዳሩን ጨረር በደንብ ስለማያገኘው መሃሉንም አሳንሶ ያነባል። ኮምፒውተሩ ያንን ካመነ፣ ጨረሩ አነሰ ብሎ ይጨምራል። የሚጨመረው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው። እንደ ሌላው ሕክምና በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አይሰጥም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው። ከተሳሳትሽ ማረሚያ የለውም።

ለዶ/ር መላኩ አስረዳሁ። የሕክምና ማዕከሉ ባለቤት ነው፣ ሐኪምም ነው፤ እንደኔ የጨረር ፊዚክስ ባለሙያ ባይሆንም ነገሩ ይገባዋል። ጥፍሩን እያየ ሰማኝ። የማሽኑ ምርቃት ቀን ተቆርጧል፣ ባለሥልጣናት ተጠርተዋል፣ የመጀመሪያው ታካሚ የዚያን ዕለት መታከም አለበት። ባለው ሥሪ አለኝ።

ፈገግ አልኩለት። ለምን? አላውቅም። ታክሲ ውስጥ እስከ ቡራዩ ድረስ ያ ፈገግታ ፊቴ ላይ እንደተለጠፈ ነበር። ቀፈፈኝ።

ኅዳር 29፣ ረቡዕ

ታካሚው መጡ። ኦቦ ቶሎሳ፣ ከተፍኪ። ገበሬ ናቸው። ልጃቸው ጫልቱ ይዛቸው መጣች። ግራ ጆሯቸው አይሰማም። የመስሚያው ነርቭ ላይ ዕጢ አለ። ክፉው ዓይነት አይደለም፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ ነው። ክፉው ጉርብትናው ነው። መተንፈስንና መዋጥን የሚመራው የአንጎል ግንድ እዚያው አጠገቡ ነው።

በቀኛቸው ዞሬ "አከም ቡልተን" አልኳቸው። ፊታቸው ፈካ። ኦሮምኛ የት ተማርሽ አሉኝ። አባቴ ቡራዩ ሱቅ አለው፣ ያደግኩት ባንኮኒው ላይ ነው አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ ዶክተር ማለቱን ትተው "ኢንተላ ኮ" ይሉኝ ጀመር፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

ሲታከሙ ጭንቅላታቸው እንዳይነቃነቅ የሚይዘውን የፕላስቲክ ጭንብል ፊታቸው ላይ አደረቅን። እስኪደርቅ ጫልቱ ጨዋታ አመጣች። እነሱ ዘንድም ሰሞኑን የመሬት ለካኞች መጥተው ነበር። ማሳቸው ላይ ችካል ተክለው ሄዱ። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ነው ተባለ። ማንም የጠየቃቸው የለም። ዶ/ር መላኩ በር ላይ ቆሞ ሰማ። ሳቀ። ልማት ነው አለ። ቀጥሎ ለኔ በእንግሊዝኛ፣ ሲወጡ ክፍሉን ሽቶ አስረጪው።

ጫልቱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ገብቷታል። ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገችና ወደ አባቷ ቀረብ አለች። አንገቴ ድረስ ጋለኝ። የጭንብሉን ጠርዝ መነካካት ያዝኩ።

ታኅሣሥ 1፣ ዓርብ

የሕክምናውን ፕላን ጨረስኩ። ጨረሩ ከብዙ አቅጣጫ በቅስት እየዞረ ይመጣል፤ በየመንገዱ ደካማ ነው፣ የሚጠነክረው ሁሉም ዕጢው ላይ ሲገናኝ ነው። በአንጎል ግንዱ የሚያልፈውን ቅስት አወጣሁት። ሌላውን አዘነበልኩ። ስክሪን ላይ ያምራል። የሚያንገሸግሸኝም ይኸው ነው። ቅርጹ ልክ፣ መጠኑ ውሸት።

ምሳ ሰዓት። የሒሳብ ሠራተኛዋ ስልኳን አቀበለችኝ። አስፋልት ላይ የወደቀ ወጣት፣ አንድ ጫማው የለም። በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ነው፣ ከአምቦ መስመር አለች። ወይ ጉድ አለችና ዳቦዋን ወጧ ውስጥ ነከረች። ለሚቀጥለው አቀበልኩ። እኔም ጎረስኩ። ሌላ ምን ይደረጋል እያልኩ ጎረስኩ።

ዶ/ር መላኩ የምርቃቱን ኬክ ናሙና ይዞ መጣ። በማሽኑ ቅርጽ የተሠራ ነው። በእጁ አጎረሰኝ፣ እምቢ አይባልም። ክሬሙ ላንቃዬ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ሽንት ቤት ገብቼ አፌን ታጠብኩ፣ እንደገና ታጠብኩ። አሁንም አለ።

ታኅሣሥ 4፣ ሰኞ

አልሄድኩም። መንገዱ ተዘግቷል፣ ድንጋይና የሚቃጠል ጎማ። አባባ ሱቁን አልከፈተም። ጭሱ በበር ሥር ይገባል። ከዋናው መንገድ በኩል ተኩስ ይሰማል፣ ጸጥ ይላል፣ ደግሞ ይጀምራል።

ዶ/ር መላኩ ደወለ። እንዴት ናችሁ የለም።

"ሐያት፣ ፓስወርድሽን ንገሪኝ። ፕላኑን እኔ አጸድቀዋለሁ።"

"ቁጥሩ ልክ አይደለም ብዬዎታለሁ።"

"ሽማግሌ ናቸው። ዕጢው ይሞታል፣ ደስ ይላቸዋል። ኋላ የሚመጣው በምን እንደመጣ ማን ያውቃል?"

ኔትወርኩ ተቆራረጠ ብዬ ዘጋሁት። አልተቆራረጠም። ጥርት አድርጌ ነው የሰማሁት። አባባ ማነው ሲለኝ፣ የሥራ ነው አልኩ። ያስጠላል። የእሱም ነገር፣ የእኔም።

ታኅሣሥ 6፣ ረቡዕ

የምርቃቱ ቀን። እስከ አስኮ በእግሬ፣ ከዚያ ታክሲ። ስደርስ በሩ ላይ ምንጣፍ፣ ባነር፣ አበባ። ኦቦ ቶሎሳ የታካሚ ልብስ ለብሰው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። መንገዱ ስለተዘጋ በማሳ ለማሳ ዞረው ነው ሰበታ የደረሱት። እግራቸው ላይ ጭቃ ደርቋል። ከዚያ በቀኛቸው ተቀመጥኩና ነገርኳቸው። ማሽኑ በትክክል አልተለካም። ዛሬ ቢታከሙ ከሚገባው በላይ ጨረር ይደርስብዎታል። መዋጥ ሊያቅትዎት ይችላል፣ የባሰም አለ።

የደረቀውን ጭቃ ከእግራቸው ላይ ፋቅ ፋቅ አደረጉ።

"የእኔ ነገር ይቆያል?"

"ወራት ይቆያል። በየጊዜው የጭንቅላት ፎቶ እየተነሱ መጠበቅ ይቻላል።"

"ታዲያ ማነው የቸኮለው?"

ባነሩን አየሁ። እሳቸውም ዞረው አዩት።

ጫልቱ ግን አልለቀቀችኝም። "ጭንብሉን ስታደርጊላቸው አታውቂም ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"እና እስካሁን?"

ልጅቷ የአባቷን ልብስ አንስታ ልታለብሳቸው ይዛቸው ሄደች። አላየችኝም።

ዶ/ር መላኩ ኮሪደሩ ላይ ያዘኝ። አልጮኸም። እያጎነበሰ፣ ሰው እንዳይሰማ፣ ጆሮዬ ሥር፣ እንዳንቺ ዓይነቱን ከሱቅ አውጥቶ ሰው ማድረግ ትርፉ ይህ ነው አለኝ። አፉ ኬክ ኬክ ይሸት ነበር። መታወቂያዬን ከአንገቴ ራሱ አወለቀው። ባለሥልጣናቱ በመንገዱ ምክንያት አልመጡም። ስወጣ ዘበኞቹ ኬኩን እየቆረጡ ነበር።

ታኅሣሥ 7፣ ሐሙስ፣ ጠዋት

ጫልቱ ደወለች። ልትቆጣኝ መስሎኝ ነበር። ከማዕከሉ ደውለውላቸዋል፤ ሌላ ባለሙያ ተገኝቷል፣ ሰኞ ኑ ብለዋቸዋል። ስልኩን አባቷ ተቀበሏት።

"አንቺ ትኖሪያለሽ?"

"አልኖርም፣ ኦቦ። አስወጥተውኛል።"

"ያ መለኪያችሁስ መጣ?"

"አልመጣም።"

ከኋላቸው በሬ የሚነዳ ሰው ድምፅ ይሰማል።

"እንግዲያው ጤፌን ልውቃ" አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ ከሥራ ስለወጣሽ አይዞሽ አሉኝ። እኔን።

እሳቸው አይሄዱም። ሌሎቹ ግን ይሄዳሉ። ተራ የያዙትን አውቃቸዋለሁ፦ አንዲት የሱሉልታ አስተማሪ፣ አንድ ሾፌር። አዲሱ ባለሙያ ማን እንደሆነ አላውቅም፣ መለኪያውን ግን አውቀዋለሁ። ጨረር የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት መሃል ከተማ ነው። ስሜን ሰጥቼ፣ የለካሁትን ሁሉ አሳይቼ፣ ፈገግ ሳልል እናገራለሁ። አባባ መንገዱ እስኪረጋ ቆዪ ይላል። ታክሲ የለም አሉ። በእግሬ እሄዳለሁ።