ከሆሞሻ ገበያ የላክሁልሽ ድስት

ይድረስ ለእታለም አገኘሁሽ ደባልቄ፣
ኮምቦልቻ።

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት ቻለ? ዓይንሽ ከፈቀደ ይህን ወረቀት ራስሽ አንብቢው፤ ካልሆነም ለጎረቤት አትስጪ፣ አይናለም ታንብብልሽ። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ደህና ገብቷል፣ ማሽላው ጉልበት ደርሷል። ሦስት ጊዜ በስልክ ልነግርሽ ደውዬ ስለ ዝናብ አውርቼ ዘጋሁ።

የጋሼ ሰራዊት አውሮፕላን ተገኝቷል።

ባልሽ በመካኒክነት የሚበርበት፣ በሰማንያ ሁለት ለኩርሙክ ጦር ስንቅ ጭኖ ከአሶሳ ተነስቶ የቀረው። “ከነአውሮፕላኑ ሱዳን ኮበለለ” ተብሎ የከሃዲ ሚስት ያሰኘሽ። ሱዳን አልገባም። ከሆሞሻ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ፣ ቀርከሃው ውስጥ ነው። አፍንጫው ወደ አሶሳ ነው፤ ስንቁን አድርሰው እየተመለሱ ነበር። የጅራቱን ቁጥር አየሁት፤ ሰንዱቅሽ ውስጥ ካለው የጋሼ ወረቀት ላይ በቃሌ የያዝኩት ነው።

ያገኘሁት በድስት ነው። ጀዕፈር የሚባል የሆሞሻ ሰው አሉሚኒየም አቅልጦ ድስት ይሠራል፤ አምና የላክሁልሽም የእሱ ሥራ ነው። የእኛ እጀታው ቢወልቅ ወስጄለት፣ ይህን ከየት ታመጣለህ አልኩት። “ከሰማይ” ብሎ ሳቀ። አለመሳቄን ሲያይ ወስዶ አሳየኝ። ክንፎቹ ተቆራርጠው አልቀዋል።

ሠላሳ አምስት ዓመት ያውቁ ነበር። ለምን ዝም አላችሁ ብዬ ብጠይቀው፣ “ወላሂ ወንድሜ እንዳለ፣ አየሁ ያለ ሰው፣ አንተ ነህ የመታኸው ይሉታል። ሱዳን ሄደ አሉ፤ እኛም ሱዳን ሄደ አልን” አለኝ። አውሮፕላኑ ውስጥ የነበሩትን አምስቱንም የቀበሯቸው የጀዕፈር አባት ናቸው። ሰግደውባቸው፣ ፊታቸውን ወደ መካ አዙረው፤ ሌላ አቀባበር አያውቁም። ልቆጣው ብል አቃተኝ። የእኛ እድር ያኔ የልቅሶ ድንኳን እንኳ ከልክሎሻል። አሁን ያው እድር እንትከል እያለኝ ነው። “እህቴ ሳትመጣ አይተከልም” ብያለሁ።

የቀረው የእኔ ጥፋት ነው። አይናለምን ትምህርት ቤት የወሰድኳት እኔ ነኝ። የከሃዲ ልጅ እንዳይሏት ብዬ በአባታችን ስም አስመዘገብኳት፤ የእህቴ ልጅ በወረቀት እህቴ ሆነች። አባትሽ ሱዳን ሌላ ሚስት አግብቷል ያልናትም ሁለታችን ነን። ይህን የምታነብልሽ እሷ ከሆነች ሰምታለች፤ ካልሆነች ዛሬውኑ ንገሪያት።

ድስቱን ምን እንደምታደርጊው አንቺ ታውቂያለሽ። የእኛን አጥበን መደርደሪያ ላይ አስቀምጠነዋል፤ ማንም አይሠራበትም።

ባለቤቴ ሕብረት እጅ ትነሣለች። ጎረቤትሽን በለጡን ሰላም በይልኝ። የልጅ ልጅሽን በቃሉን ሳሚልኝ። አይናለም ሰራዊትንም ሳሚልኝ።

ወንድምሽ እንዳለ ደባልቄ
አሶሳ፣ አምባ 14
ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.