የእቴጌ ግራ እግር

ለወንድሜ ለፍሬ ስብሐት፣ ዱባይ ካለህበት ይድረስህ።

ወንድምዓለም፣ እንዴት ሰነበትህልኝ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሃል? እንቅልፍህስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ክረምቱ ወጥቶ ጣና ጢም ብሎ ሞልቷል። ጤናህን የምጠይቅህ ግን እንደ ሌላው ጊዜ ለወጉ ያህል አይደለም። እግርህ እንዴት ነው?

አትደንግጥ፤ ሰው አልነገረብህም። የነገረችን ጉማሬህ እቴጌ ናት።

የጥናት ሰዎች መጥተው ሰብል እንዳትበላ ጠባቂዋ ያደረጉህ ጊዜ፣ የአንዳችሁን ስሜት ለሌላችሁ የምታደርስ ምስር የምታክል ነገር ከአንተም ከእሷም ጆሮ ሥር ቀብረው እንደነበር መቼም አትረሳውም። ሥራው ሲያልቅ ከሁለታችሁም አወጡት፤ በመካከላችሁ ያደረውን ነገር ግን ማውጣት አልቻሉም። አንተ እዚያ ጥርስህን የተነቀልህ ሰሞን እሷ እዚህ ሣር አልቀምስ ብላ አፏን ከፍታ ትውል ነበር። ያኔ ስቀን አለፍነው።

አሁን ግን የሚያስቅ አልሆነም። ከመስቀል ወዲህ ግራ የኋላ እግሯን ትጎትታለች፤ ከደንገሉ መሃል ተኝታ ለመነሣት ትቸገራለች። የእንስሳት ሐኪሙ አበራ በታንኳ ተጠግቶ ቢያያት ቁስልም እብጠትም አጣባት። ደውዬ እንዴት ነህ ስልህ ደግሞ «ፍጹም ደኅና ነኝ» አልኸኝ። ስትዋሽ «ፍጹም» የምትል ቃል እንደምትጨምር ከተማሪ ቤት ጀምሮ አውቅሃለሁ። በስልክ ትቼ በወረቀት የመጣሁብህ ለዚህ ነው።

እናታችን በየማለዳው ዳር ወርደው አረማመዷን ያያሉ። እሷ ካልበላች እሳቸውም አይበሉም። ቅዳሜ ጠበል ልርጫት ብለው ጠርሙስ ይዘው ተነሡ። ለአውሬ ይፈቀዳል ወይ ብዬ የኔታ ኃይለ ገብርኤልን ብጠይቃቸው፣ የታመመው የእናትሽ ልጅ ነውና ትርጭ፣ ብቻ ራቅ ብላ አሉኝ።

እሑድ እኔ ራቅ አላልሁም። ከአንተ በቀር ሰው እንደማታስጠጋ አውቃለሁ። አንተ የምትጠራትን አጠራር እየጠራሁ ቀረብኋት። ቀና ብላ አየችኝና ራሷን መልሳ ጭቃው ላይ አሳረፈች። እኔን ያወቀችኝ በአንተ ነው ብዬ አለቀስሁ። ከዳሌዋ እስከ ጉልበቷ በለጋ ቅቤ አሸሁላት። ረጅም ትንፋሽ አወጣችና ዓይኗን ጨፈነች።

ፍሬዬ፣ የምትሠራበት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ወድቆብህም ከሆነ፣ አንተው ወድቀህም ከሆነ ንገረን። እንዳንጨነቅ ብለህ የደበቅኸው ጭንቀት እኮ ከሺህ ኪሎ በላይ ሆኖ እዚህ ደጃችን ላይ ተኝቷል። ሐኪም ቤት ሂድ፤ አልሆን ካለህ ወደ ቤትህ ና፣ አናፍርብህም። ደብዳቤውን ጎረቤታችን ሰዓዲያ ለሸቀጥ ስትመጣ ታደርስልሃለች። አረማመድህን አይታ እንድትነግረን አደራ ብያታለሁና ፊቷ ቀጥ ብለህ ለመሄድ አትድከም።

እናታችን ጉንጭህን አገላብጠው ስመውሃል። የኔታ ስለ ዋሸኸው ይፍታህ ብለውሃል። ትንሿ እህታችን ሰብለ ወንጌል ፈተናዋን አልፋለች፣ ናፍቀኸኛል በይልኝ ብላኛለች። እቴጌ ትናንት ጥቂት ሣር ቀምሳለች።

እሑድ ማለዳ እግርህ ላይ እጅ ያረፈብህ መስሎህ ከነበረ፣ የእኔ ነው።

እህትህ የሺአረግ
ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.