ከፍ ብላ «ዝቅ ብላለች» ስለተባለችው ሰማያዊ መኪና

ለተከበሩ አቶ ኔቪል ስትሪክላንድ
የኮሪንባር ማዘጋጃ ቤት የተሽከርካሪ ምርመራ ክፍል ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ለተደረገልን ጥብቅ ቁጥጥር ምስጋና ስለማቅረብ

የተከበሩ ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ጉልበትዎ የጸና፣ ወገብዎም የቀና ሆኖ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ፤ በተለይ ወገብዎ። ወገብ ደኅና ሲሆን ማንም የማያስታውሰው፣ ሲሰበር ግን ቤቱን ሁሉ ይዞ የሚሰበር ነገር መሆኑን እኛ ቤት ተምረናል፤ ይህ ትምህርት ወደ እርስዎ ደጅ እንዳይመጣ እጸልያለሁ። ደብዳቤውን በከተማችን ጋዜጣ ያወጣሁት እርስዎን ለማሳጣት አስቤ አይደለም። በቢሮዎ መስኮት ያስገባኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ፣ ምናልባት ማንበብ የሚቀናዎት ቅዳሜ ጠዋት ከቁርስ ጋር ይሆናል ብዬ ነው።

ስሜ ብሮንዊን ታስከር ነው። በወተት ፋብሪካው ቺዝ ክፍል እሠራለሁ። ባለቤቴ ኬልቪን የእርስዎው ማዘጋጃ ቤት የመንገድ ሠራተኛ ሆኖ ሃያ ዘጠኝ ዓመት አገልግሏል፤ ያገለገለውም የመንገድ መዳመጫው ሮለር በፌነር ቁልቁለት ላይ ተንሸራቶ ወገቡን እስኪሰብረው ድረስ ነው። በተሰናበተ ጊዜ ማዘጋጃ ቤቱ ስሙ የተቀረጸበት አካፋ ሸለመው፤ ማጎንበስ ለማይችል ሰው ከዚህ የተሻለ ስጦታ አውቃለሁ የሚል ካለ እጁን ያውጣ።

ከአደጋው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ኬልቪን አንዲት ሰማያዊ፣ ትንሽ፣ ባለ ተርቦ ፈጣን መኪና ገዝቶ ነበር። ሌላ መኪና የለንም፤ ገበያም፣ ሥራም፣ ሐኪም ቤትም የምንሄደው በእሷ ነው። እንሽጣት ባልኩት ቁጥር «ብሮን፣ ወገቤን ወስደውታል፤ መኪናዬን ግን አይነኳትም» ይለኛል። ሐኪሙ ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን አርባ ስምንት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው የሞቀ ውሃ ገንዳ ውስጥ ካልተንቀሳቀሰ አከርካሪውን የያዙት ጡንቻዎች ይሰልሉና አልጋ ላይ ይቀራል ብሎናል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ገንዳው ካለ ኬልቪን ይቆማል፣ ገንዳው ከሌለ ይተኛል። ይህን በአእምሮዎ ይዘው ቅሬታዎቼን በትዕግሥት ያንብቡልኝ።

አንደኛ፣ በቢጫው ወረቀት ላይ «ለጉራ የተሻሻለች» ብለው ስለጻፉልን እናመሰግናለን። በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ጉረኛ ተብዬ ስለማላውቅ ትንሽ ሞቅ ብሎኝ ነበር። ለእውነት ሲባል ግን የጉራችንን አመጣጥ ላስረዳዎት። ይህች መኪና ከፋብሪካ ስትወጣ ሞላዋ አጭርና ደረቅ ስለሆነ የክብሪት እንጨት ብትረግጥ ወገብ ይቆጥራታል። ለጤነኛ ሰው ደስታ ነው፤ ኬልቪን ግን ገና ከግቢያችን ወጥተን አስፋልት ሳንደርስ በላብ ይጠመቅ ነበር። ስለዚህ ኮይሎቨር የሚሉትን፣ ሞላና ንዝረት የሚውጠው ሾክ አንድ ላይ የተገጠመበትን፣ ከፍታውም ጥንካሬውም በእጅ የሚስተካከለውን ዕቃ ስናጠና ክረምቱ አለቀ። የመጀመሪያው ሻጭ በስልክ «የኔ እመቤት፣ መኪናሽ መሬት ስትስም ነው የምታምረው» አለኝ። «ባሌም መሬት ስሞ ነው ለዚህ የበቃው» ብዬው ዘጋሁበት። ሁለተኛው ዕቃ ልስላሴው የሚመሰገን ሆኖ ሳለ የእኛ ባሕር ጨው በአንድ ክረምት ጥርሱን አዝጎ ከፍታ ማስተካከያ ቀለበቱን እንደሚያጣብቀው የደረሰባቸው ሰዎች ነገሩን። ሦስተኛውን፣ ለጨው የታከመውን መረጥን፤ ሞላውንም ከተለመደው አለስልሰው እንዲሠሩልን ለምነን አሥራ ሰባት ሳምንት ጠበቅን።

ሲመጣ ደግሞ ሞኝነት ሠራሁ። የላላ ሁሉ የሚመች መስሎኝ የሾኩን ማስተካከያ እስከ መጨረሻው ባላላው መኪናዋ እንደ ጀልባ መዋዠቅ ጀመረች፤ ኬልቪንም «ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ወገቤ አልበቃ ብሎሽ አሁን አንጀቴን ልታወጪው ነው!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወዲያ እኔ ከፊት ኮፈኑን፣ ከኋላ የዕቃ ቦታውን ከፍቼ ማስተካከያዋን ቀጭ ቀጭ አደርጋለሁ፣ ጥቂት እንነዳለን፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። «ሁለት ጨምሪ። አይ፣ አንድ መልሺ። እዚያው፣ እዚያው ተያት!» በዚህ ዓይነት የየመንገዱን ቁጥር በደብተር ጽፈን በበሩ ኪስ አስቀመጥን፤ ወደ ገንዳው ከፊት ዘጠኝ ቀጭ፣ ከኋላ አሥራ አንድ ነው። ከፍታዋንም ከፋብሪካው አሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር ከፍ አደረግናት። አዎ፣ ከፍ። ገንዳውን በጀመርን በአሥራ አንደኛው ሳምንት ኬልቪን ምርኩዙን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ደብዳቤ እንዳልመጣ እያወቀ፣ ብቻውን እስከ ፖስታ ሣጥኑ ሄዶ ተመለሰ። እኔ በኩሽናው መስኮት እያየሁ እጄን ነክሼ ቆሜ ነበር። የጉራችን ታሪክ ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ በዚያ ማክሰኞ ጠዋት በጀልባ መውረጃው አጠገብ አስቁመውን ላሳዩን ትጋት አድናቆቴ ከፍ ያለ ነው። መኪና ዝቅ ያለች እንደሆነ የሚለዩበት ቢጫ የተቀባ እንጨት አለዎት፤ እንጨቱ ከሥር ካላለፈ ጥፋተኛ ነን፣ ካለፈ ነፃ ነን። ተንበርክከው አስገቡት፣ አለፈ። ከኋላዋ ቢሞክሩት አለፈ። በሌላው ጎን ዞረው ሞከሩ፤ አሁንም አለፈ፣ አንዲት የጠገበች ዳክዬ ብትከተለውም ጭንቅላቷን ዝቅ ሳታደርግ ባለፈች። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንዲህ በጉልበት ተንበርክኮ ሲሠራ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሱሪዎ በመቆሸሹም አዝኛለሁ።

ሦስተኛ፣ እንጨቱ እምቢ ሲልዎት ጎማው ውስጥ አጮልቀው ባለ ጥርሱን ቀለበት አገኙ። «ይሄ ነገር ይዞራል፣ ወይዘሮ ታስከር» አሉኝ። እንደሚዞር አመንኩ። «የሚዞር ከሆነ ዝቅ ማለት ይችላል» አሉኝ። ዝቅ አለማለቱን በገዛ እንጨትዎ እንዳረጋገጡ ባስታውስዎ «ይችላል ግን!» ብለው ቢጫውን ወረቀት መስታወቱ ላይ ለጠፉት፤ መኪናዋም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከመንገድ ታገደች። የተከበሩ ሆይ፣ የእርስዎም ሱሪ በቀበቶ የተያዘ ነው፤ ቀበቶውም ይፈታል፤ ሱሪውም በጀልባ መውረጃው ፊት ዝቅ ማለት ይችላል። ይሁን እንጂ እስከዛሬ ግንባርዎ ላይ ወረቀት የለጠፈ ሰው አላየሁም።

አራተኛውን ኬልቪን አንብቦ «ብሮን፣ ይሄ ቅሬታ አይደለም፣ ስድብ ነው» ብሎ ሰርዞታል። እንደነበረ ብቻ ይወቁልኝ።

አምስተኛ፣ መሐንዲስ አምጡ ስላሉን አመጣን። በእኛ በኩል የሚያልፈው በስድስት ሳምንት አንዴ ስለሆነ እስኪመጣ መኪናዋ በራችን ላይ ቆማ ወፍ ኩሷን ጣለችባት። መጥቶም ግማሽ ቀን በክሪክ አንሥቶ፣ ለክቶ፣ ነድቶ፣ «ከፋብሪካው ከፍታ በአሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር ከፍ ያለች፣ ለመንገድ ብቁ የሆነች» ብሎ በማኅተሙ አጸደቀልን። ወረቀቱን ወደ መስኮትዎ ይዤ ብመጣ ቅጽዎ ሁለት ሣጥን ብቻ ነበረው፤ አንዱ «አልተነካችም» ይላል፣ ሌላው «ዝቅ ተደርጋለች» ይላል። በመስኮቱ የተቀመጠችው ማቪስ፣ ደግ ሴት ናት፣ ከፍ ላለች መኪና የቱን ልሙላ ብላ ጠየቀችዎ። እርስዎም ከወንበርዎ ሳይነሡ «አልተነካችም ማለት አንችልም፤ እንግዲህ ዝቅ ተደርጋለች በያት!» አሉ። ማቪስ አንገቷን ደፍታ ምልክት አደረገች። እንግዲህ በምድር ላይ ከተወለደችበት ቀን ይልቅ ዛሬ ከፍ ብላ የምትቆም መኪና በእርስዎ መዝገብ ዝቅ ብላ፣ ከመንገድም እንደታገደች ትኖራለች። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንደሚባለው የመሐንዲሱ ማኅተም ከአንዲት ሣጥን አላስጣለንም።

ስድስተኛ፣ ለምን ከፍ አደረጋችኋት ቢሉ፣ ማለትም ቢጠይቁ ኖሮ፣ መልሱ ፌነር ቁልቁለት ላይ ነው። እዚያ፣ በገንዳው መንገዳችን ላይ ያሉት ሦስት የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች ከታዘዘው በላይ ከፍ ብለው መሠራታቸውን ኬልቪን ራሱ ከመጎዳቱ በፊት ለማዘጋጃ ቤቱ በጽሑፍ አመልክቶ ነበር። ማመልከቻው የት እንደተኛ አላውቅም፤ ጉብታዎቹ ግን እንደቆሙ ናቸው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው፤ ጉብታውን የሚለካ እንጨት ስለሌለ የእኛ መኪና ተለካች።

እስካሁን የቀለድኩት ቀልድ እዚህ ያበቃል። አሁን ተናድጃለሁ፤ ንዴቴንም በትሕትና የምሸፍንበት ጨርቅ አልቆብኛል።

መኪናዋ ከታገደች በኋላ ጎረቤታችን ክላይቭ ኬልቪንን በፒካፑ ሊያመላልሰው በራሱ ፈቃድ ተነሣ። «ኬል፣ አታስብ፣ እንደ እንቁላል ነው የምይዝህ» አለው፤ በእውነትም ያለውን ያህል ቀስ ብሎ ነድቷል። በሦስተኛው ጉዞ ፌነር ላይ የመጨረሻውን ጉብታ ሲወርዱ ኬልቪን «ክላይቭ፣ አቁምልኝ» አለ። አወረደው። ኬልቪን መንገድ ዳር ሣር ላይ በሆዱ ተኛ፤ ግንድ የጫኑ መኪናዎች በአጠገቡ እያለፉ፣ እሱ ከመሬት ሊነሣ ሳይችል አርባ ደቂቃ ቆየ። ክላይቭ አጠገቡ ቆሞ ከማልቀስ በቀር የሚያደርገው አልነበረውም። ያ የሆነው ከሠላሳ አንድ ቀን በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ ገንዳውን አላየውም። ባለፈው ሳምንት እስከ ፖስታ ሣጥኑ መድረስ አቃተው። በዚህ ሳምንት ግድግዳ ይዞ ከመጸዳጃ ቤት ይመለሳል፣ የቀረውን ቀን አልጋው ላይ ነው። ትናንት ደግሞ «ብሮን፣ የድሮውን ሞላ መልሺላቸውና ይልቀቁን፤ እችለዋለሁ» አለኝ። አይችለውም። እንደማይችለው እሱም ያውቃል፤ እችለዋለሁ ያለኝ ለእኔ አዝኖ ነው።

ስለዚህ ውሳኔዬን በአክብሮት አሳውቅዎታለሁ። የፊታችን ሐሙስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ኬልቪንን ከጎኔ አስቀምጬ በሰማያዊዋ መኪና ወደ ገንዳው እሄዳለሁ። ማስተካከያው ከፊት ዘጠኝ፣ ከኋላ አሥራ አንድ ይሆናል። ቢጫ ወረቀትዎን አልቀድም፤ መስታወቱ ላይ እንደተለጠፈ ይሄዳል። የማልፈው በዚያው በጀልባ መውረጃው በኩል ነው፤ ካስቆሙኝ እቆማለሁ። ቁልፉን እሰጥዎታለሁ፣ መንጃ ፈቃዴንም እሰጥዎታለሁ፣ ሊቀጡኝ ቢፈልጉ የምፈርምበትን ያሳዩኝና እፈርማለሁ። ባለቤቴን ግን ከወንበሩ የሚያወርዱት እርስዎ ነዎት። እኔ አላወርደውም። አንድ እጅዎን ከብብቱ ሥር፣ ሌላውን ከጉልበቱ ሥር አስገብተው ቀስ ብለው ወደ ራስዎ ይስቡታል። ይጮኻል። ሲጮኽ እንዳይለቁት፤ ከለቀቁት ይብስበታል።

ለዓይንዎ ብርሃንን፣ ለማኅተምዎ ቀለምን፣ ለቅጽዎም አንዲት ትርፍ ሣጥን እየተመኘሁ፣ ለሕግ ተገዥ፣ ለእርስዎ ባለውለታ፣ ሐሙስንም በጉጉት የምጠባበቅ፣

ብሮንዊን ታስከር
የመንገድ ሠራተኛው የኬልቪን ታስከር ሚስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ያስጻፈኝ ኬልቪን ነው፤ እኔ ብሆን ዝም እል ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ነጭ መኪናዎ በዚህ ሳምንት ሁለት ጊዜ በደጃችን ሲያልፍ አልጋው ላይ ሆኖ ሰምቶታል። የፊት ግራ ጎማውን የያዘው መገጣጠሚያ፣ ቴስቲኒው፣ አልቆ ሊወልቅ ደርሷል ይላል፤ መኪናው በታጠፈ ቁጥር ቋ ቋ የሚለው እሱ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እርስዎ ላይሰማዎት ይችላል። የመኪናውን የዘንድሮ ምርመራ ማን መርምሮ እንዳሳለፈው ማቪስን ጠይቄያት ነበር፤ እርስዎ ራስዎ ነዎት። እንግዲህ ይህን ልተወው ስል ኬልቪን «ንገሪው ብሮን፣ ሰው እንዳይሞትበት» አለኝ። ነገርኩዎት።