ቶሎ የዳነው የሥዕል ልጅ

አሰላ፣ ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1954 ዓ.ም.

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የሕሙማኑን ክፍል መስኮት በብርድ ልብስ ሸፍነን ለአስታማሚዎች በሥዕል የተሠራች አጭር ፊልም አሳየን። ዶክተሩ ጥሩና ደካማ ጎኗን ጽፌ እንዳቀርብ አዘውኛል። ጥሩው አላስቸገረኝም። ያልፈላ ውሃ የጠጣው ልጅ ሆዱን ይዞ ሲንከባለል አማርኛም ኦሮምኛም ሳያስፈልግ ሁሉም ገባው።

ግን ልጁ አንዲት ኪኒን ውጦ ወዲያው ብድግ አለና ኳስ መታ። ይህን ጊዜ ሐሊማ ልጇን ከድርን ታቅፋ አጠገቤ ተቀምጣለች። ተቅማጥ ከያዘው አምስት ቀኑ ነው፤ ዓይኑን እንኳ በቅጡ አይገልጥም።

«ሲስተር፣ የእኔም ነገ እንዲህ ይነሳል አይደል?» አለችኝ።

«ያ ሥዕል ስለሆነ ነው የቸኮለው። የእኛ ቀስ ይላል።»

«ቀስ ይበል፤ ብቻ ይነሳልኝ፣ ኢንሻአላህ» ብላ ግንባሩን ሳመችው።

ለዶክተሩ «ፊልሟ ማስታመሙን ዘልላዋለች» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ሐሊማን ትንሽ ጋደም በይ ብዬ ከድርን ተቀበልኳት። አሁን ጭኔ ላይ ነው፤ በአንድ እጄ ደግፌው እጽፋለሁ። ቅድም ሦስት ማንኪያ ውሃ ሰጥቼው አላስመለሰውም። ለአራተኛው አፉን ራሱ ከፈተልኝ።