ስለ ሁለተኛው ሳህን ጉዳይ

ለተከበሩ ጓድ ሀብተ ሥላሴ
የዋርካ ሥር ሕዝባዊ ማረፊያ ቤት ሥራ አስኪያጅ
ባሕር ዳር

ነሐሴ 27 ቀን 1974 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ በር የጠና፣ እንቅልፍዎ እንደ ቧንቧችን ጸጥ ያለ፣ ዕድሜዎም በጣሪያችን ላይ እንዳሉት ቀዳዳዎች በየክረምቱ እየበዛ የሚሄድ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

እኔ የክፍል ቁጥር 14 እንግዳ፣ የማክሰኝቱ የጂኦግራፊ መምህር አምሐ ሣህሉ፣ ይህንን ጽሑፍ በአካል ቀርቤ ለማስረከብ ሦስት ጊዜ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ በርዎን ስብሰባ ላይ ስላገኘሁት፣ በምግብ አዳራሹ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ «የእንግዶች አስተያየት» ከሚለው ርእስ ሥር፣ ካምና ጀምሮ ባዶውን በኖረው ቦታ ለመለጠፍ ተገድጃለሁ። ቦታው ባዶ የሆነው እንግዶች ሁሉ ረክተው ስለሄዱ መሆኑን አልጠራጠርም። እኔም ብሆን የማቀርበው በአብዛኛው ምስጋና ነው።

አንደኛ። ጣሪያው አድናቆት ይገባዋል። የባሕር ዳር ዝናብ በነሐሴ እንዴት እንደሚወርድ ያልተረዳ እንግዳ ቢኖር ክፍል 14 ገብቶ በጀርባው ይጋደም፤ ከዚያ በኋላ መጽሐፍ አያሻውም። ዝናቡ በሁለቱ አልጋዎች ልክ መካከል፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳያደላ የሚወርድ ስለሆነ፣ በቤቱ ውስጥ አድልዎ የሌለበት አገልግሎት እርሱ ብቻ ነው ለማለት እደፍራለሁ። ሥሩ የተቀመጠው ባልዲ እየሞላ ሲሄድ ድምፁ ይለዋወጣል፤ ይህም ጨዋታ ለሌለው ሰው ጨዋታ ሆኖልኛልና እባክዎ አይጠገንብኝ።

ሁለተኛ። ውኃን በተመለከተ፣ ጣና ከመስኮቴ ሥር ሠላሳ እርምጃ ላይ ተኝቷል። ሠላሳ መሆኑን በእግሬ ቆጥሬ አረጋግጫለሁ፤ ሌላ ሥራም አልነበረኝም። ይህ ውኃ በረሃ አቋርጦ ካይሮ ድረስ የሚሄድ ሆኖ ሳለ፣ ክፍል 14 ለመድረስ አቅም የሚያንሰው ስለ ምን እንደሆነ ሃያ ሁለት ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር አላገኘሁትምና፣ እርስዎ በዓመታዊ ሪፖርትዎ ቢያብራሩልን ተማሪዎቼ ይጠቀማሉ። ከቧንቧው በላይ «ውኃ ቆጥቡ» የሚል ማስታወቂያ መለጠፍዎን አይቻለሁ፤ በበኩሌ ትእዛዙን ያላንዳች ጉድለት ፈጽሜአለሁ።

ሦስተኛ። እንግዲህ ወደ ሳህኑ ልምጣ፤ ነገሩን ከሥሩ ካልጀመርሁ ግን የሚያነብ ሰው አይገባውም።

ባለፈው ጥር የመምህራን ማኅበራችን ዕጣ ሲያወጣ፣ ለእኔና ለባለቤቴ ለወይዘሮ ፀሐይወርቅ ዳኘው በእርስዎ ማረፊያ ቤት የአሥራ ሁለት ቀን ዕረፍት ደረሰን። ፈቃዱ በሁለታችን ስም ወጣ፤ ማኅተም አረፈበት። በግንቦት ባለቤቴ አረፈች። ፈቃዱን ላልጠቀምበት ወስኜ ነበር፤ ክረምቱ ሲገባ ግን ቤቱ ሰፋብኝ፤ ሁለት ክፍል ቤት ይህን ያህል ይሰፋል ብዬ አስቤ አላውቅም። እናም ወረቀቱን ይዤ ወደ ጎርጎራ ወረድሁ፤ ከዚያም በጀልባ ሐይቁን ተሻግሬ ነሐሴ 18 ቀን ደጅዎ ደረስሁ።

የመዝገብ ሠራተኛዎ ጓድ ወልደ ዮሐንስ ወረቀቴን ተቀብለው ካነበቡ በኋላ፣ ከኋላዬ ሰው ፍለጋ አንገታቸውን አሰገጉ። «ሁለተኛዋስ?» አሉኝ። ማረፏን ነገርኋቸው። እርሳቸውም የእውነት አዝነው፣ «እግዜር ያጥናዎት መምህር» ብለው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ብዕራቸውን አነሡና በመዝገቡ ላይ «ሁለት ሰዎች» ብለው ጻፉ። ምነው ብላቸው፣ «ወረቀቱ ሁለት ይላል፤ እኔ ከወረቀት ጋር ተጣልቼ የት አድራለሁ? መሞታቸውን ቀበሌያቸው ይጻፍልኝ፤ ያን ጊዜ ይሞታሉ» አሉኝ። ስለዚህ ሁለት ቁልፍ፣ ሁለት ፎጣና፣ የቧንቧውን ጠባይ ስናስብ ቸርነቱ የሚያስደንቅ ሁለት ሳሙና ተረክቤ ወደ ክፍሌ ገባሁ።

ማታ ወደ ምግብ አዳራሹ ስመጣ ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ሳህን ተዘርግቷል፤ በሁለቱም ላይ ምግብ አለ። አስተናጋጇን ወይዘሮ ባንቺአየሁን ጠርቼ፣ እባክሽ እህቴ ይህን አንሺልኝ ብላት፣ «ጋሼ፣ ለሁለት ሰው ብሎ ከወጥ ቤት የወጣውን ለአንድ ሰው ባቀርብ ሌላውን በላችው እባላለሁ። ዝም ብሎ ይቀመጥ፤ ሲበርድ እመልሰዋለሁ» አለችኝ። ልክ ነበረች። በዚያ ማታ ግን ሁለቱም ሳህኖች ሳይነኩ ተመለሱ።

በማግሥቱ ባለቤቴ ከመዝገብ ትሰረዝልኝ ዘንድ የመጀመሪያውን ማመልከቻ ጻፍሁ። ወደ ቀበሌያችንም ቴሌግራም ላክሁ። በሦስተኛው ቀን ሁለተኛውን ማመልከቻ፣ በአራተኛው ቀን ሦስተኛውን ጻፍሁ። በዚሁ በአራተኛው ቀን ባንቺአየሁ ሳህኖቹን እያስቀመጠች፣ ዓይኗን ከጠረጴዛው ሳታነሣ፣ «እርሳቸው ወጥ ነው ዓሣ የሚወዱት?» አለችኝ። እኔም ሳላስበው፣ «ዓሣ፤ አጥንቱን ግን ትፈራለች» አልሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያኛው ሳህን ላይ የሚቀርበው ዓሣ አጥንቱ ተለቅሞ ይመጣ ነበር። የእኔው እንደ ወትሮው ነው።

ይህንን የምጽፈው ባንቺአየሁ እንድትቀጣ አይደለም። የቤቱ ደንብ ዓሣ አጥንት ይለቀም ስለማይል፣ ከደንቡ ውጭ የተሠራ አንድ ነገር በቤትዎ መገኘቱን ማወቅ ይገባዎታል ብዬ ነው።

አራተኛ። በየቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ስለሚካሄደው የውይይት ክበብ ምስጋናዬን ሳላቀርብ አላልፍም። ስም ሲጠራ «ጓድ ፀሐይወርቅ ዳኘው» ይባላል፤ ዝምታ ይሆናል፤ «አልተገኘችም» ተብሎ ይጻፋል። በአምስተኛው ቀን ንቃቷ ዝቅተኛ መሆኑ ተጠቅሶ በዚሁ ግድግዳ ላይ ምክር ተሰጣት። በስድስተኛው ቀን ደግሞ ተቃውሞ ስላላሰማች በሙሉ ድምፅ የጽዳት ኮሚቴ አባል ሆና ተመረጠች። ባለቤቴ በሕይወት ዘመኗ ኮሚቴ የሚባል ነገር ሲመጣ በጓሮ በር የምትወጣ ሴት ነበረች፤ ምርጫው ግን ስሕተት አልነበረም። ይህንን ቤት ለአንድ ቀን በእጇ ቢያስገቡላት ኖሮ እርስዎም ከነወንበርዎ ታጥበው ፀሐይ ላይ ይሰጡ ነበር።

እኔም አጨብጭቤአለሁ። ሰው በሙሉ ድምፅ ሲመረጥ ማጨብጨብ ደንብ ነው፤ ግን ከዚያ ስወጣ፣ ያለ እኔ የሚያውቃት በሌለበት አዳራሽ ሠላሳ ሰው ለእርሷ ማጨብጨቡን እያሰብሁ በሐይቁ ዳር ብዙ ሄድሁ።

አምስተኛ። የጢስ ዓባይ ጉዞ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዓባይ ከጣና ሲወጣ፣ ከገደሉ ሲወድቅ በጠመኔ ሥያለሁ፤ በዓይኔ ግን አይቼው አላውቅም ነበር። ባለቤቴ ይህንን ስለምታውቅ፣ ጎርጎራ ወርደን ሐይቁን ባየን ቁጥር፣ «ውኃው በየት ነው የሚወጣው?» ብላ ትጠይቀኝና፣ ማስረዳት ስጀምር፣ «ተው፤ ያላየኸውን ለልጆቹ አስተምር፤ ለእኔ አሳየኝ» ትለኝ ነበር። ለዕጣው ስማችንን ያስመዘገብሁት ስለዚህ ነው።

ነሐሴ 25 ቀን የማረፊያ ቤቱ መኪና ተነሣ። ሹፌሩ ስም በዝርዝር እየጠራ ሲያስገባን ከጎኔ ያለው ወንበር በስሟ ተመዝግቧል። መንገድ ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት እጇን አንሥታ ስታቆመን፣ ቦታ አለ ብዬ ብጮህ፣ ሹፌሩ፣ «መምህር፣ የሰው ወንበር ነው፤ በኋላ የት ሄደች ብባል ምን ልመልስ?» ብሎ ነዳ። ለዚያች ሴት እስከ ዛሬ አዝናለሁ፤ ቦታዬን ለቅቄ ባለመቆሜም አፍራለሁ። ግን ክቡር ሆይ፣ በእውነት እናውራ ከተባለ፣ በዚያ ጭቃ መንገድ ላይ መኪናው እየተናጠ፣ ከጎኔ ማንም እንዳይቀመጥበት በመንግሥት ትእዛዝ የተጠበቀ ወንበር ይዤ ስሄድ፣ ከግንቦት ወዲህ እንደዚያ ሰዓት ያለ ሰዓት አላሳለፍሁም።

ፏፏቴውንም አየሁ። የምለው የለኝም፤ ጠመኔ አይበቃውም። ጢሱ እስከቆምንበት መጥቶ ሁላችንንም አራሰን። ስንመለስ እርጥብ ካፖርቴን በወንበሯ ላይ አስቀመጥሁት፤ ከኋላዬ የተቀመጡት የፋብሪካ ሠራተኞችም አንሣው አላሉኝም።

በማግሥቱ፣ ማለትም ትናንት፣ የቀበሌያችን መልስ ደረሰ።

ከእንግዲህ ወዲያ ያለውን ቁጥር አልሰጠሁትም፤ ምክንያቱም የቤትዎ ሥራ በዚህ ጉዳይ እንከን አልነበረበትም። ጓድ ወልደ ዮሐንስ ደስ ብሏቸው፣ «መምህር፣ እንኳን ደስ ያለዎት፤ ተሳካ» እያሉ በፊቴ በቀይ ቀለም ሰረዟት። ምሳ ላይ አንድ ሳህን ቀረበ። ባንቺአየሁ ሁለተኛውን ወንበር ልታነሣ መጥታ፣ «ጋሼ፣ ታዝዤ ነው» ብላኝ ይዛው ሄደች። በአሥራ አንድ ሰዓት የውይይት ክበቡ ስም ጥሪ ከ«አምሐ ሣህሉ» ቀጥታ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ፤ በመካከሉ የነበረው ዝምታ እንኳ ቀረ። ሁለተኛው አልጋ ከመሸንቲ ለመጡ አንድ የእርሻ ባለሞያ ተሰጠ። ጨዋ ሰው ናቸው። ሻንጣቸውን እያስቀመጡ፣ «ብቻዎን ነዎት?» ብለው ጠየቁኝ። ይህን ጥያቄ ከግንቦት ወዲህ ብዙ ሰው ጠይቆኝ መልሼ አላውቅም ነበር። ትናንት፣ መዝገቡ ስላዘዘኝ፣ «አዎ» አልሁ።

ክቡር ሆይ፣ በማክሰኝት ከአርባው ወዲህ ጎረቤቶቼ በፊቴ ስሟን አያነሡም። እንዳላዝን ብለው ነው፤ ደጋግ ናቸው፤ ስሟ ሊመጣባቸው ሲል ወሬውን ወደ ዝናቡ ያዞሩታል። በእርስዎ ቤት ግን ስምንት ቀን ሙሉ በየቀኑ ስሟ ተጠርቷል፤ በየማዕዱ ሳህኗ ተዘርግቷል፤ ተመክራለች፤ ተመርጣለች፤ ወንበሯን ማንም አልነካባትም። ይህ ሁሉ የተደረገው በቸልተኝነት መሆኑን አውቃለሁ። በዓለም ላይ ግን እስከ ትናንት ድረስ ባለቤቴ ያልሞተችበት አንድ ቤት ቢኖር የእርስዎ መዝገብ ነበር፤ ከዚያም በሦስት ማመልከቻ አስወጥቼ የቀበርኋት እኔው ራሴ ነኝ።

ስለዚህ በአራተኛው ማመልከቻዬ ይኸውና እለምናለሁ። ፈቃዳችን የሚያበቃው ነሐሴ 30 ቀን ነውና፣ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ዳኘው ለቀሩት ሦስት ቀናት ወደ መዝገብ እንድትመለስልኝ። ምግቡ ይቅር፤ ባዶ ሳህን ይበቃል። አልጋውም እንግዳው ይተኙበት። ስም ጥሪው ላይ ግን ትጠራ፤ እኔም «አልተገኘችም» ሲባል እሰማለሁ። በዚህ ቤት ያልተሠራ ነገር ሁሉ ተሠራ ተብሎ ሲጻፍ አይቻለሁና፣ ይህ አንዱ ቢጨመር የሚከብድዎ አይመስለኝም።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ በርዎ፣ ስለ ባልዲዎም እያመሰገንሁ፣

የጣሪያዎ ተመልካች፣ የቧንቧዎ ተስፈኛ፣ የቀድሞዋ የጽዳት ኮሚቴ አባል ባል፣ ታዛዥ እንግዳዎ
አምሐ ሣህሉ
ክፍል 14፣ በግድግዳው በኩል ያለው አልጋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጓድ ወልደ ዮሐንስ ባለቤቴን ሲሰርዙ «ምክንያት» በሚለው ዓምድ ሥር «ያለ ፈቃድ የቀረች» ብለው መጻፋቸውን ከትከሻቸው በላይ አንብቤአለሁ። እንዲታረም አልጠይቅም፤ እኔም ፈቃድ አልሰጠኋትም። ነገር ግን ፈቃዱን የሰጠው ክፍል ምናልባት በእርስዎ በኩል የሚታወቅ ከሆነ፣ ቢሮው የት እንደሆነና በሩ ስብሰባ ላይ የማይሆንበትን ሰዓት ቢጠቁሙኝ፤ እዚያም የማቀርበው ማመልከቻ አለኝ።