አንተ ያላየኸው የሜዳው ምርቃት

ውድ ታሜ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። አንተን ግን ምን ብዬ ልጠይቅህ? ያለህበት ቦታ ሕመም የለም ብዬ አምናለሁ፤ መጋቢያችንም በቀብርህ ዕለት ያንኑ ነው የነገረን። ስለ እኔ ከጠየቅከኝ ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም። ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ገባ። እስካሁን የምተኛው በአልጋው ጠርዝ፣ በራሴ በኩል ነው። ወደ አንተ በኩል አልተጠጋሁም።

ዛሬ ብዕር ያነሳሁት አንድ ነገር ከእኔ አፍ እንድትሰማ ብዬ ነው። የዩኒቨርሲቲው ስታዲየም ታድሶ ተከፈተ። ዕድሜህን ሙሉ ስትለምነው የኖርከው ነገር አንተ በሌለህበት ሆነ።

ከቤት ልጀምርልህ። ጀሞ እንደምታውቀው ነው፤ ውሃው ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይቀራል። ልብሶችህን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁ፣ ለችግረኛ እንዲሆን። ሰማያዊውን ቱታህን ብቻ አስቀረሁ። አንድ ቀን ሳላስብ አጠብኩት፤ ሲደርቅ ባሸተው ያንተ ጠረን የለም። የዚያን ቀን ያለቀስኩትን ያህል በቀብርህም አላለቀስኩ።

ልጃችን ቃልኪዳን አንተ በተማርክበትና ባስተማርክበት ግቢ ሁለተኛ ዓመት ደርሳለች። ቁመቷ በልጦኛል። ግን ይህን ሳልነግርህ ማለፍ አልችልም፤ አንተ ባረፍክ በሳምንቱ ኳስ አቆመች። ጓንቶቿን በፌስታል ጠቅልላ ለቡድኑ ተጠባባቂ በረኛ ሰጠች። ለምን ብላት፣ «እማዬ፣ ኳሱ የአባዬ ነበር፤ የኔ አልነበረም» አለችኝ። በድምጿ ቁጣ የለም፣ እንባም የለም። ያስፈራኝ እሱ ነው። በለቅሶው ሰሞንም ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሷ ወንበር ስትደረድር፣ ውሃ ስታድል ነው የከረመችው። «ልጅቷ ጠንካራ ናት» ይሉኝ ነበር። እኔ ግን አውቃታለሁ፤ ጠንክራ ሳይሆን ደርቃ ነበር።

ታሜ፣ ያንን ሜዳ ያወቅሁት አንተን ባወቅሁበት ሰሞን ነው። ያኔ ስታዲየም የሚለው ስም ገና አልተሰጠውም፤ ወደ ወንዙ ያዘነበለ ገላጣ መስክ ነበር። የጎሉ አንግል የባሕር ዛፍ ግንድ ነው። ክረምት ሲሆን በታችኛው ጎል ፊት ውሃ ይተኛና በረኛው እንደ ዳክዬ ሲንቦጫረቅ ይውላል። አንተ ከሶዶ የመጣህ ቀጭን የግራ ክንፍ ተጫዋች ነበርክ። ተማሪው ተመካክሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ድንጋይ እየተሸከመ በዳገቱ በኩል መቀመጫ መሥራት ሲጀምር እኔም ከዶርም ጓደኞቼ ጋር ወጣሁ። ከአቅሜ በላይ የሆነ ድንጋይ አንስቼ ስንገዳገድ ሮጠህ መጣህና በአንዱ ጫፍ ያዝክልኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ እኮ ለሦስት ሰው መቀመጫ ይሆናል» አልከኝ።

«ለሁለት ይበቃል» አልኩህ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ እስከ ዛሬ አላውቀውም። ሁለታችንም አፍረን፣ ድንጋዩን እስክናስቀምጥ ድረስ ቀና ብለን አልተያየንም።

ከዓመታት በኋላ አንግሉ በብረት ተተካ፣ መቀመጫውም ቆርቆሮ ተመታለት፤ ተማሪውም በትልቁ ስታዲየም የክብር መቀመጫ ስም እየቀለደ «ጥላ ፎቅ» አለው። አንተም ተመርቀህ እዚያው መምህር፣ ቀጥሎም የወንዶቹም የሴቶቹም ቡድን አሰልጣኝ ሆንክ። ቃልዬ መራመድ የጀመረችው በዚያ ሣር ላይ ነው። ወድቃ ስታለቅስ ላነሳት ስል «ተያት፣ መውደቅ ትልመድ፤ በረኛ ነው የማደርጋት» ትለኝ ነበር። ቀልድህን መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ደግሞ ማርጀቱን አብረን አየን። ቆርቆሮውን ንፋስ ወሰደው። በታችኛው በኩል ያለው አጥር ተሰነጠቀ፣ አንድ ክረምት ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ተደረመሰ። አደጋ አለው ተብሎ በሩ ተዘጋ። ሣሩ ጉልበት ድረስ አደገ። የቡድንህ ልጆች ባለ ሜዳ ሆነው ሳለ፣ ለልምምድ የሰው ሜዳ ሲለምኑ ዛሬ ብስራተ ገብርኤል፣ ነገ ሌላ ሰፈር ይንከራተቱ ጀመር። አንተም ቢሮ ለቢሮ ተመላለስክ። አዲስ ኃላፊ በመጣ ቁጥር «ዕድሳቱ በዕቅድ ተይዟል» ይልሃል። ስትገባ «ምን አሉህ?» እልሃለሁ፤ «ተይዟል አሉኝ፤ ማን እንደያዘው ግን አልነገሩኝም» ብለህ ትስቃለህ። ጫማህን እያወለቅህ የምትስቀው ያ ሳቅ ደስታ እንዳልነበረ አውቅ ነበር።

ቀጥሎ የጉሮሮህ ሕመም መጣ። መጀመሪያ ጩኸት ያደረቀው መስሎን ዝንጅብልና ማር ስንል ከረምን። ሐኪሙ ክፉ በሽታ መሆኑን የነገረን ቀን፣ ከሆስፒታሉ ወጥተን ታክሲ ሳንይዝ በእግራችን ብዙ ሄድን። ቀኝ እጅህ እጄን እንደያዘ ነበር። ድምፅህ ቀስ በቀስ ሄደ። በመጨረሻው የውድድር ዓመት በጭብጨባና በእጅ ምልክት ብቻ ነው ያሰለጠንከው። ልጆቹ ኳስ በወጣ ቁጥር ወደ መስመሩ ዞረው አንተን ማየት ለመዱ። ቃልዬም የጎል ምት ከመምታቷ በፊት ታይሃለች፤ በእጅህ ግራ ካልካት ግራ፣ ቀኝ ካልካት ቀኝ።

አልጋ ላይ ስትውል በጣትህ መዳፌ ላይ ትጽፍልኝ ነበር። «ውሃ»፣ «መስኮት»፣ «ቃልዬስ?» አንድ ቀን «ሜዳ» ብለህ ጻፍክ። ኮንትራት ታክሲ ይዤ ወሰድኩህ። ጥበቃው ሲያይህ የተቆለፈውን በር ከፈተልን፤ አብረን ደግፈንህ ድንጋዩ ላይ አስቀመጥንህ። ሣሩን፣ የዛገውን አንግል፣ የተደረመሰውን አጥር አየህ። ከዚያ መዳፌን ዘርግተህ «ይሠራል» ብለህ ጻፍክ። እኔ ስለ ሰውነትህ የጻፍክ መስሎኝ በልቤ አሜን አልኩ። ስለ ሜዳው እንደነበር የገባኝ ከቀብርህ በኋላ ነው።

ታዲያ የዕድሳቱ ማሽኖች የገቡት አንተ ከሄድክ በኋላ ሆነ። በመካኒሳ በኩል ሳልፍ የሜዳው በር ተከፍቶ ገልባጭ መኪና ሲወጣ ሲገባ አየሁና ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ አትጠይቀኝ። ከዚያ ወዲያ ታክሲው እዚያ ሲደርስ ፊቴን ወደ ሌላ ማዞር ጀመርኩ።

ደሳለኝን ታስታውሰዋለህ፤ ያ የቀኝ ተመላላሽህ፣ ከኳሱ ይልቅ ከዳኛው ጋር የሚጣላው። አሁን ኢንጂነር ሆኖ የዕድሳቱ ሥራ ላይ ነበር። ደወለልኝና «እትዬ አልማዝ፣ የድንጋዩ መቀመጫ ሊፈርስ ነው። እንዲቆይ ብዙ ተከራክሬ ነበር፤ መሠረቱ ውሃ ገብቶበት ተንሸራቷል፣ ሰው ሊጎዳ ይችላል። ሳይፈርስ ቢያዩት ብዬ ነው» አለኝ።

ቅዳሜ ከጸሎት ስንወጣ ለቃልዬ ነገርኳት። አልሄድም ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ ተከተለችኝ።

ያንን የሁለታችንን ድንጋይ ፈለግሁት ታሜ። ይሄ ይሆን፣ ያ ይሆን እያልኩ እጄን እያሳረፍኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄድኩ። አላወቅሁትም። ስንት ዘመን ተቀምጬበት፣ ከጎረቤቱ ልለየው አልቻልኩም። ደሳለኝ ፊቴን አይቶ «አይጣልም እኮ እትዬ፤ ተፈጭቶ ከአዲሱ ሥር ይገባል» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው። እኔ ግን የሰማሁት መፈጨቱን ብቻ ነበር።

የምሳ ሰዓት ነበርና የቀን ሠራተኞቹ በልተው፣ ቦቲ ጫማቸውን እንዳደረጉ በታችኛው ጎል ኳስ ይመታሉ። አንግሉ ገና አልተነቀለም። ቃልዬ ቆማ ስታያቸው አንዱ ጎልማሳ «እህት፣ ትሞክሪያለሽ?» ብሎ ቀለደባት። ቦርሳዋን ሰጠችኝና ሄዳ ጎል ውስጥ ቆመች። ሰውየው አዝኖላት ቀስ አድርጎ መታ። በአንድ እጇ ያዘችና መልሳ ወረወረችለት።

«እንደ ሰው ምታ» አለችው።

ሳቁበት። ሰውየው ወደ ኋላ ተመልሶ ተንደርድሮ፣ በዚያ ከባድ ቦቲ፣ በሙሉ ኃይሉ ለቀቀው። ልጅህ በረረች ታሜ። በጸሎት ቀሚሷ በረረች! ኳሷን በጣቷ ጫፍ አውጥታ ጭቃው ላይ በሆዷ ወደቀች። ሠራተኞቹ አካፋቸውን እየደበደቡ ጮሁ። ደሳለኝ እንባውን እንዳላይበት ፊቱን አዞረ። እሷ ተነስታ ጭቃውን እንኳን ሳታራግፍ «ሌላ» አለች። ማሽኑ ተነስቶ ቦታውን ልቀቁ እስኪባል ድረስ ሌላ፣ ሌላ እንዳለች ነው።

ጓንቶቿን መልሳ መጠየቅ አፍራ በባዶ እጇ ልምምድ ጀመረች። ተጠባባቂዋ ልጅ ራሷ በዚያው ፌስታል አምጥታ ሰጠቻት።

አሁን ስለ ምርቃቱ ልንገርህ። ሜዳው ተስተካክሏል፤ ወደ ወንዙ አያዘነብልም። ከሥሩ የውሃ መውረጃ ስላለው ዝናብ ዘንቦበት ሲያበቃ ኳስ ይንከባለልበታል። ወንበሩ ፕላስቲክ ነው፣ ቢጫና አረንጓዴ። ልብስ መቀየሪያ ክፍል አለ፣ ለሴቶቹም ለብቻቸው። ያማረ ነው ታሜ። ሲያምር ደግሞ ይበልጥ ከፋኝ።

ጨዋታው ሳይጀመር ለአንተ የኅሊና ጸሎት ይደረግ ተባለና ሁላችን ተነሳን። በድምፅ ማጉያው የሚናገረው ሰው ስምህን ተሳስቶ «አሰልጣኝ ታደሰ» አለ። ወዲያው ከኋላዬ አንዱ «ታምራት!» ብሎ ጮኸ። ቀጥሎ ሌላው «ኮች ታምራት!» አለ። ያሠለጠንካቸው ሁሉ፣ ከየቦታው የመጡ ራሰ በራና ቦርጫም የሆኑ ልጆችህ፣ እየተቀባበሉ ስምህን ጠሩት። ዝም ይባላል በተባለበት ደቂቃ ስታዲየሙ በአንተ ስም ተናወጠ።

የመክፈቻው ጨዋታ የሴቶቹ ነበር። ባዶ ለባዶ ቆይተው፣ ሊያልቅ ሲል ከማዕዘን የተሻማች ኳስ ከቃልዬ እጅ አመለጠችና ገባች። ኳሷን ከመረብ አውጥታ ቀና ስትል፣ ወደ መስመሩ ዞረች። በየሜዳው አንተ ትቆምበት ወደነበረው ጥግ። አዲሱ አሰልጣኝ የሚቆመው በሌላው ጥግ ነው። እዚያ ማንም አልነበረም። ልጃችን ባዶውን ቦታ ትንሽ አየችው፣ ከዚያ ጨዋታውን ጨረሰች። ፊሽካው ሲነፋ ግን በጉልበቷ ወድቃ ግንባሯን ሣሩ ላይ ደፋች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ሮጬ ወረድኩ። ድሮ ከድንጋዩ አንድ እርምጃ ወርደህ ሣሩ ላይ ነህ። አሁን በሜዳውና በተመልካቹ መሀል ረጅም የሽቦ አጥር ቆሟል። በሩን አላገኘሁትም። «ቃልዬ!» ብዬ ስጣራ ሰምታ መጣች። በሽቦው ቀዳዳ ጣቶቿን ከነጓንቷ አስገባች፣ ያዝኳቸው። «እማዬ፣ አባዬ የለም እኮ» አለችኝ። ልክ ሞትህ ገና ያን ቀን እንደተነገራት ሁሉ። «የለም የኔ ልጅ» አልኳት። ሽቦውን ከሁለት ወገን ተደግፈን፣ ሰው ሁሉ ወጥቶ እስኪያልቅ አለቀስን። ያን እንባ ስንት ወር እንደጠበቅሁት አንተ ታውቀዋለህ።

ወደ ጀሞ ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ከፊት ተቀመጥን። ዓይኗ አብጧል፣ ማልያዋን አልቀየረችም። ሹፌሩ በመስታወት አያትና «ምን አደረጋችሁ ዛሬ?» አላት።

«ተሸነፍን» አለችው። ቀጥላም «የሚቀጥለው ሳምንት ጨዋታ ግን አያመልጠንም» አለች። ከዚያ ትከሻዬ ላይ ተኛች።

ስምህ በስታዲየሙ ግድግዳ ላይ አልተጻፈም፤ ይጻፍልኝ ብዬም አልጠየቅሁም። እኔ አለሁ። የሶዶውን ቀጭን ልጅ፣ ባሌን፣ የልጄን አባት አስታውስሃለሁ። ለሚጠይቀኝ እነግራለሁ፣ ባይጠይቁኝም እነግራለሁ። አንድ ቀን አርጅቼ የሰው ስም መርሳት ስጀምር፣ ከአፌ የሚጠፋው የመጨረሻው ስም ያንተ እንዲሆን ጌታን እለምነዋለሁ።

ሚስትህ አልማዝ