አባባ የመኪናዋን መሪ የፈቱ ዕለት

ይድረስ ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለቬንያሚን፤

እንዴት ነህ? የወገብህ ሕመም ተሻለህ? ቪዮሬላስ ደህና ናት? ልጃችሁ አንካስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? የፓዶቫ ብርድ ይራራላችኋል ወይስ እንደኛው አጥንት ድረስ ይገባል? እኛ ደህና ነን። እማማን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ አፏ እንደ ድሮው ነው። የጎደለን አንተን ማየት ብቻ ነው።

ከዚያ አገር ዕቃ በሚያመላልሰው ሚኒባስ የላክኸው፣ ከመሪው ሥር ገብቶ የኤርባጉንና የክላክሱን ሽቦ የሚያገናኘው ዕቃ በደህና ደርሶናል። የኤርባጉ መብራት ክሩስኮቱ ላይ ከበራ፣ ክላክሱም ድምፁ ከጠፋ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። በሽተኞቼን ለማየት በየመንደሩ የምዞረው በዚያች መኪና መሆኑን ታውቃለህ። አባባ ግን "ብትጋጪ ኤርባጉ አይነሣልሽም" ብለው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት። ጋራዥ እንውሰዳት ብላቸው "ሠላሳ ዓመት ምን ስሠራ የኖርኩ መሰለሽ?" አሉኝ። እኔ የፈራሁት እጃቸውን ነው። ካለፈው ክረምት ወዲህ የሾርባ ማንኪያ እንኳ ሳይፈስ አፋቸው እንደማይደርስ ጽፌልህ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን ከፖሙ ዛፍ ሥር ጎማዎቿን ቀጥ አድርገው አቆሟት። ኮፈኑን ከፍተው የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፈቱና ወደ ጎን አደረጉት። ከዚያ ወንበር አምጥተው ቁጭ! ጎረቤታችን ኔኩላይ አጥሩን ተደግፎ "ምነው አንቶን፣ ጸሎት ነው ወይስ ጥገና?" ብሎ አሾፈባቸው። "ውስጡ የቀረ ኤሌክትሪክ አለ፤ እሱ እስኪሞት ነው የምጠብቀው" አሉት። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጠበቁ። አንድ ባልደረባቸው ድሮ ኤርባጉን በፊቱ ደፍቶ ሲያስቀምጠው ፈንድቶ፣ ተወርውሮ የጋራዡን ጣራ እንደበሳው ያን ጊዜ አጫወቱኝ።

ከመሪው ጀርባ ያሉትን ሁለት ብሎኖች ሊፈቱ ሲጀምሩ እጃቸውን አየሁ። ቬንያሚን፣ አይንቀጠቀጥም ነበር! ኤርባጉን ከቦታው አንሥተው ከሥሩ ያለችውን ቢጫ የሽቦ ሶኬት ሊነቅሉ ሲሉ፣ ኔኩላይ ለካ ሳናየው ግቢ ገብቶ የባትሪውን ገመድ አንሥቷል። አባባ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ "ኔኩላይ፣ የያዝከውን ልቀቅና ወደ ኋላ ሂድ" አሉት። "ኧረ ኳሱ ተጀምሯል፣ ሬዲዮውን ልክፈት ብዬ እኮ ነው..." አለ። እኔ ዘልዬ ገመዱን ከእጁ ነጠቅሁት፤ ባትሪውን ቢነካ ኖሮ ኤርባጉ አባባ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችል ነበር። ነገሩ ሲገባው ፊቱ አመድ መሰለ።

አባባ ሶኬቷን ነቀሉና ኤርባጉን ፊቱን ከሰውነታቸው አዙረው፣ ቀስ ብለው ተራምደው ሰው ከማይደርስበት መሬት ላይ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርገው አስተኙት። ከሩቅ ሆኜ አየሁት። ከአንድ ዳቦ አይበልጥም። ዐይን ተርገብግቦ ሳይመለስ ጣራ የሚበሳ ጉልበት፣ የሰው ፊት እንዲያድን ታጥፎ እዚያ ውስጥ ተኝቷል። ስንት ዓመት እፊቴ ይዤው ስዞር አንድ ቀን አስቤው አላውቅም።

ቦታውን እንዳይስት መሪውንና ዘንጉን በቀለም ምልክት አደረጉበት። መሪውን ከዘንጉ ጋር የያዘውን የመሃሉን ዳዶ ላላ አደረጉት እንጂ ጨርሰው አልፈቱትም፤ "አለዚያ መሪው ድንገት ተነቅሎ ጥርሴን ያረግፈዋል" አሉኝ። ግራ ቀኝ እየወዘወዙ አላቀቁት። ያንተን ዕቃ ገጥመው፣ ሁሉንም በቦታው መልሰው አጠበቁና ባትሪውን መጨረሻ ላይ አገናኙ፤ ያኔ መኪናዋ ውስጥ ማንም አልነበረም። ከዚያ ቁልፉ ሲዞር የኤርባጉ መብራት በራች፣ ትንሽ ቆየችና ጠፋች። ክላክሱ ሲጮህ እማማ "ሠርገኛ መጣ እንዴ?" እያለች ወጣች።

ወዲያው እጃቸው ከበፊቱ ብሶ መንቀጥቀጥ ጀመረ። "አልፈሩም?" ስላቸው "እንዴት አልፈራም? እጄ የታዘዘኝ ስለፈራሁ ነው" አሉኝ። ነርስ ነኝ፤ እጅ ለምን እንደሚንቀጠቀጥ ተምሬአለሁ። የዚያን ዕለት ለምን እንደቆመ ግን እስካሁን አላውቅም።

ቪዮሬላን እቀፍልኝ። አንካን ጉንጯን ሳምልኝ። ለአማትህም የአክብሮት ሰላምታዬን አድርስልኝ። እማማ ሹራብህን ጨርሳለች፤ በሚኒባሱ ትልካለች። አባባም አጠገቤ ተቀምጠው፣ በዚያ አገር ሰፊ መንገድ ስትነዳ መሪውን በሁለት እጅህ ያዝ ብለውሃል።

እህትህ ኢሊንካ
ሶሮካ፣ ሞልዶቫ
ኖቬምበር 12 ቀን 2018